የእንጨቱ ቀዳዳ ለምን ይደበቃል?

በየቤታችን አንድ የቆየ የእንጨት ዕቃ አይጠፋም። ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል፤ ቡፌ ወይም ኮመዲኖ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ከእናት ለልጅ የተላለፈ የልብስ ሳጥን ይሆናል። እንጨቱ ዋንዛ ወይም ጥድ ከሆነ ሠሪውንም ገዢውንም ተሻግሮ የልጅ ልጅ የሚያገለግል ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ገጽታውን ሳይነካ አያልፍምና እዚህም እዚያም ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታዩበታል። አንዱን የበሳው ምስማር ነው፤ ሌላውን የበሳው ነቀዝ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ወልቆ የጠፋ እጀታ የተወው ነው። እግሩ ሳይነቃነቅ፣ መሳቢያው ሳይጣበቅ፣ ስለነዚህ ቀዳዳዎች ሲባል ብቻ «አርጅቷል» ይባልና በረንዳ ላይ ይወጣል። ከበረንዳ እስከ ቆራሌው ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው።

ለዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለነዚሁ ቀዳዳዎች ነው። ሐሳቤም ይኸው ነው፤ ቀዳዳውን ከእንጨቱ ጋር አመሳስለን ለመደበቅ ከምንደክም፣ ደማቅ ቀለም ባለው መድፈኛ ሞልተን ጥገናው በግልጽ እንዲታይ ብናደርግ ይሻላል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ! ነገሩ መጀመሪያ ሲሰማ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ርካሽ ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ ከሁሉም በላይ እውነተኛ ነው።

መደበቅ ለምን አይሳካም?

እንጨት አንድ ቀለም የለውም። በአንድ ጣውላ ላይ እንኳ ፈዛዛውና ጠቆር ያለው መስመር ተከታትሎ ይሄዳል። አንድ ወጥ ቡናማ ስቱኮ በዚህ መሐል ሲገባ መስመሩን ያቋርጠዋል። በዚያ ላይ ብርሃን አለ። እንጨትም ቫርኒሽም በዓመታት ውስጥ ከብርሃን የተነሣ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ መድፈኛው ግን አብሯቸው በእኩል አይለወጥም። ስለዚህ በተደፈነበት ዕለት የተመሳሰለው ቀዳዳ፣ ውሎ ሲያድር እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ተደብቆ የነበረ ነገር ሲጋለጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ከታየው ይልቅ ዓይን ይወጋል።

በሚገባ ልደብቅ የሚል ሰው ያለው አማራጭ የዕቃውን ገጽ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ እንደገና ቀለም ነክሮ፣ እንደገና ቫርኒሽ መቀባት ነው። ይህ የአናጢ ሥራ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለጥቂት የምስማር ቀዳዳዎች ሲባል ደኅናውን ቫርኒሽ ሁሉ መላጥ፣ አንድ ጥርስ ለታመመ ሰው መንጋጋውን እንደማውለቅ ይሆናል።

ሌላም ከዚህ የከፋ ነገር አለ። የተደበቀ ቀዳዳ ያታልላል። አንዲት ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ልጇ የሚሆን የእንጨት አልጋ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛች። አልጋው በቡናማ ስቱኮ ተደፍኖ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ያበራ ነበር። በሦስተኛው ወር ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ማግኘት ጀመረች። ትጠርገዋለች፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ሕፃኗን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ርብራቡን ብትደገፈው እንጨቱ እጇ ውስጥ ተሰበረ። ውስጡ በነቀዝ ተበልቶ አልቆ ነበር። ሕፃኗ በዚያን ሰዓት ዳር ላይ አለመሆኗ እግዜር ያተረፋት ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች ሳይደበቁ ቢታዩ ኖሮ ጎረቤቴ አንድ ጥያቄ በጠየቀች ነበር። ስቱኮው ያንን ጥያቄ አፍኖባታል።

የእናቴ ጠረጴዛ

እናቴ ለብዙ ዓመታት ከኖረችበት የቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስትዛወር፣ የሚወሰደውንና የሚቀረውን ዕቃ የምንለየው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። የምግብ ጠረጴዛው የዋንዛ ነው። ዙሪያውን በጠርዙ 26 የምስማር ቀዳዳዎች አሉበት። እኛ ልጆች ሳለን የቤት ሥራ ስንሠራ ቀለም እያፈሰስን ስላስቸገርን፣ አባታችን ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን በምስማር መትቶት ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ ላስቲኩ ተቀዳዶ ሲነሣ ምስማሮቹ ወለቁ፤ ቀዳዳዎቹ ቀሩ። በአንደኛው እግር ላይ ደግሞ የቆዩ 9 የነቀዝ ቀዳዳዎች አሉ።

ወንድሜ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እትዬ፣ ይኸን ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ የምንወጣው ለምኑ ነው? ወንፊት እኮ ሆኗል» አለኝ።

እናቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ስኒዎቿን በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር። ቀና ሳትል፣ «አሮጌ ሁሉ የሚቀር ከሆነ እኔንስ የምትወስዱኝ ለምንድን ነው?» አለች። እየሳቀች ነበር የተናገረችው። ከእኛ ግን የሳቀ አልነበረም።

የጠራነው አናጢ ገጹ በሙሉ ካልተፋቀ አይሆንም ብሎ የነገረን ዋጋ አዲስ የቺፑድ ጠረጴዛ ለመግዛት የሚተርፍ ነበር። ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲነካው አብጦ እንደሚፈርስ የምታውቁት ነው። ስለዚህ እኔና እናቴ መዛወሪያው ሳይደርስ በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሳችን ጠገንነው። ቀለሙን የመረጠችው እርሷ ናት። «የምስማሩ ቢጫ ይሁን፤ የነቀዙ ቀይ ይሁን። የአባትሽ ሥራ ለብቻ፣ የነቀዝ ሥራ ለብቻ ይታወቅ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ተሸክመው ካወጡት አንዱ ወንድሜ ነው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ቢጫዎቹን ነጠብጣቦች እየጠቆመ የላስቲኩን ታሪክ የሚያወራውም እርሱ ነው።

አዲስ ነገር አይደለም

ጥገናን አለመደበቅ ለእኛ ባዳ አይደለም። የተሰነጠቀ ቅል ተሰፍቶ ሲያገለግል ያላየ የገጠር ልጅ የለም፤ ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የሚያፍርበትም የለም። የጥንት የብራና መጻሕፍትን የተመለከተ ሰውም ቆዳው ሲፋቅ ወይም ሲወጠር የተበሳበት ቦታ በክር ተሰፍቶ ያገኛል፤ ጸሐፊው ስፌቱን ወይም ቀዳዳውን ዞሮ ጽሑፉን ይቀጥላል።

በሌላው ዓለምም ቢሆን በሙያው የተራቀቁት ሰዎች ይህንኑ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሮም ከተማ የተቋቋመው የጣሊያን የቅርስ ጥገና ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ቼዛሬ ብራንዲ፣ የተጎዳ ሥዕል ሲጠገን ጥገናው ከቅርብ ለሚያይ ሰው ተለይቶ መታወቅ አለበት የሚል ትምህርት አስፋፍቷል። በዚህም መሠረት ባለሙያዎቹ የጎደለውን ቦታ የሚሞሉት በቀጫጭን የቀለም መስመሮች ነው፤ ከሩቅ ሥዕሉ ሙሉ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው የጠጋኙ እንደሆነ ይለያል። የሥዕሉ ጠጋኝ ያላፈረበትን እኛ በጠረጴዛችን የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመድፈን በፊት

አስቀድማችሁ ቀዳዳው የምን እንደሆነ እወቁ። የምስማር ከሆነ ሥጋት የለም። ክብ ሆኖ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ በዘፈቀደ የተበታተነ ከሆነ ግን እንጨት በል የሆነ ጢንዚዛ ሥራ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ያ ቀዳዳ የነፍሳቱ መግቢያ አይደለም፤ መውጫ ነው። ትሉ በእንጨቱ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት እየበላ ኖሮ፣ ጢንዚዛ ሲሆን ቀዶ የሚወጣበት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ባያችሁ ጊዜ ያ ጢንዚዛ ሄዷል ማለት ነው። ጥያቄው ወንድሞቹ ውስጥ ቀርተዋል ወይ የሚለው ነው።

ለማወቅ ከዕቃው ሥር ጥቁር ጨርቅ ወይም ወረቀት አንጥፋችሁ ጥቂት ሳምንታት ጠብቁ። ፈዛዛ አዲስ ብናኝ ከወደቀ ነፍሳቱ በሕይወት አሉ፤ ሳትደፍኑ ባለሙያ አማክሩ። ብናኝ ከሌለና የቀዳዳው ውስጥ የጠቆረና የቆየ ከሆነ መድፈን ይቻላል። ደማቁ ቀለም እዚህም ሌላ ጥቅም አለው። ወደፊት ያልተቀባ አዲስ ቀዳዳ ቢወጣ ወዲያውኑ ይለያል፤ ቀዩ ነጠብጣብ የድሮው ነው፣ ባዶው የአሁኑ ነው።

አሠራሩ

ሁለት ዓይነት መድፈኛ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል።

የመጀመሪያው የኮላ መድፈኛ ነው። ለጠረጴዛ ገጽና ብዙ ለሚነካ ቦታ የሚሆነው ይህ ነው። አናጢዎች ሰጋቱራን ከነጭ ኮላ ጋር ለውሰው ቀዳዳ እንደሚደፍኑ ታውቁ ይሆናል። ለደማቅ ቀለም ግን ሰጋቱራ አይሆንም፤ ቡናማነቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በሰጋቱራው ፋንታ ነጭ ጠመኔ አልማችሁ ወቅጡና በቀጭን ጨርቅ ንፉት። ሦስት የሻይ ማንኪያ የጠመኔ ዱቄት ላይ የቀለም ዱቄት ጨምሩ፤ ቀለሙ ከጠቅላላው ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከበዛ መድፈኛው ይፈረፈራል። ከዚያ ነጭ ኮላ ጥቂት በጥቂት እያንጠባጠባችሁ ከድልህ ወፈር እስኪል አሹት። ዱቄት ከሌላችሁ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን አክሪሊክ ቀለም ከኮላው ጋር መቀላቀል ይቻላል። ኮላው እርጥብ ሳለ ነጭ ስለሆነ ቀለሙ ፈዝዞ ይታያል፤ ሲደርቅ ግን ኮላው ጥርት ስለሚል ቀለሙ ይደምቃል። ስለዚህ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክራችሁ፣ ሲደርቅ አይታችሁ ምረጡ።

ቀዳዳውን በመርፌ ጫፍ ጠርጉ፤ አቧራና ቅባት ካለ መድፈኛው አይዝም። ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ቀለሙ በቫርኒሹ ስንጥቅ ገብቶ ከቀረ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ አስገቡና ከገጹ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ መድፈኛውን በስፓቱላ ወይም በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ጠቅጥቁ። ውሃው ሲተን ይሟሽሻልና ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት። የተረፈውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ ጎድጎድ ካለ ድገሙት። ደርቆ ከፍ ያለውን በስለት ጠፍጣፋ ጎን ቀስ ብላችሁ አስተካክሉ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ደኅናውን ቫርኒሽ ትልጡታላችሁ። በመጨረሻ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ቫርኒሽ በነጠብጣቡ ላይ አኑሩ፤ ነጭ ኮላ እርጥበት ሲደጋገምበት ይለሰልሳልና።

ሁለተኛው የሰም መድፈኛ ነው። ለቡፌ ጎን፣ ለሳጥን፣ ለቁም ሣጥን በር የሚስማማ ነው። አገራችን በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናትና ሰም አናጣም። ጠጅ የሚጣልበት ቤት ሰፈፉ ውሃ ውስጥ ፈልቶ በጨርቅ ከተጠለለ፣ ሲበርድ ሰሙ ረግቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ሦስት እጅ ሰም ከአንድ እጅ የልጆች የሰም ቀለም ጋር በትንሽ ጣሳ አድርጉ። ጣሳውን በቀጥታ በእሳት ላይ ሳይሆን ውሃ በፈላበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የቀለጠውን በታጠፈ ፎይል ላይ አፍስሳችሁ እንደ ጠመኔ ዘንግ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት።

ሲሠራ ቁራሹን በጣት አሙቃችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ፣ በካርድ ጠርዝ ደልድሉ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። ወዲያው አለቀ። ሁለት ነገር ግን አስታውሱ። ሰም ላይ ቫርኒሽ አይዝም፤ ስለዚህ ሰም የመጨረሻው ሥራ ነው። ጀበናና የሻይ ብርጭቆ በሚቀመጥበት ገጽ ላይም አይሁን፤ ይለሰልሳል። ስለ ቀለሙም አንድ ልብ በሉ። የንብ ሰም በራሱ ቢጫ ነውና ሰማያዊ ስትጨምሩበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጥርት ያለ ሰማያዊ የምትፈልጉ ከሆነ በነጭ ሻማ ሥሩት።

ስለ ቀለም ምርጫ

ከማድ ቤት እርድ ወይም በርበሬ ለመጠቀም የሚያስብ ይኖራል። እርድ ሲቀባ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ብርሃን ይበላዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይገረጣል። በርበሬም ቅባትና ሽታ አለው። ለሲሚንቶ ሊሾ የሚጨመረው ቀይ ዱቄት የብረት ዝገት ዝርያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ፀሐይም አያገርጣውም፤ ድምቀቱ ግን የሸክላ ያህል ነው። ከዚያ የደመቀ ቀይና ቢጫ የሚሻ የሠዓሊ ቀለም ይግዛ። ሰማያዊውን በተመለከተ፣ ኡልትራማሪን የተባለው ቀለም ጥንት ከከበረ ድንጋይ ተወቅጦ ይገኝ የነበረና እጅግ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ጊሜ በፋብሪካ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ በማግኘቱ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ተርታው ሰው ሊገዛው የቻለው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከመርዘኛ ቀለም ነው። ለብረት ዝገት መከላከያ የሚቀባውን ብርቱካናማ ቀለምና ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ የቢጫ ቀለም ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አታንሡ፤ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የሊድ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ልጆች የአልጋቸውን ጠርዝ እንደሚያኝኩ ደግሞ እናቶች ታውቃላችሁ። ማናቸውንም የቀለም ዱቄት ስትለውሱ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ገበታና ማማሰያ ላይ ይህን መድፈኛ ጨርሶ አትጠቀሙ። ሰም ሲቀልጥ ልጆች ይራቁ፤ እሳት ቢይዘው በክዳን አፍኑት እንጂ ውሃ አታፍስሱበት።

የማይደፈንም አለ

ለሁሉ ቀዳዳ ይኸው ነው አልልም። የወንበር እግር መጋጠሚያ ላይ የሰፋ ቀዳዳ ካለ ቀለም አያድነውም፤ የአናጢ እጅ ይፈልጋል። የጥንት ሥዕል ያለበት ሣንቃ፣ የጥንት መስቀል፣ የቤተሰብ ቅርስ የሆነ የተቀረጸ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ባለሙያ ሳይጠየቅ ጣት አይነካው። የእኛ ዘዴ ለዕለት ተዕለት ዕቃ ነው፤ ለሚበላበት፣ ለሚጻፍበት፣ ልብስ ለሚቀመጥበት።

ሥራው ጊዜ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ብቻችሁን አትሥሩት። ቀዳዳ መጥረግና ቀለም መለወስ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም እኩል የሚችሉት ነው። ባልም ፕላስተሩን ቢለጥፍ አይጎዳም። በቤታቸው የተበላሸ ነገር ሲጠገን እያዩ፣ እጃቸውንም እያስገቡ ያደጉ ልጆች፣ ነገ ትንሽ ጉድለት ያለበትን ነገር ሁሉ ለመጣል አይቸኩሉም። ዕቃ ብቻ ማለቴም አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጨርቅ ጣል ተደርጎበት፣ አበባ ማስቀመጫ ተጭኖበት የተሸፈነ ቀዳዳ አይጠፋም። ጨርቁን አንሡት፤ ቀዳዳው የምን እንደሆነ መርምሩ፤ ከዚያም የምትወዱትን ቀለም ምረጡ።